ሁለት ወንበር ያላት ኦቶሞቢል

«አፉ በሉት» አሉ ሼህ ሷሊሕ ከመጋረጃው ማዶ። «አብዱልወሃብ የበደለው፣ ያስቀየመው፣ ሐቁን የበላው ሰው ካለ ለአላህ ብሎ አፉ ይበለው።»

«አፉ ብለናል!» አሉ ወንዶቹ ከዳሱ።

«አፉ ብለናል፣ አላህ ይዘንለት» አሉ ሴቶቹ ከቤት ውስጥ።

ሙሀባ ብቻ ዝም አለች። የሟቹ ትልቋ ሚስት ናትና የከበቧት ሴቶች ኀዘን አፏን የያዘው መሰላቸው። አንዷ ትከሻዋን አሻሸችላት፣ ሌላዋ ውኃ አቀረበችላት። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሙሀባ ቀንታ ነበር። ባሏን ንዳድ ባጭር ቀን ቀጭቶት፣ አፈር ከለበሰ ገና ማግሥቱ ነው፤ እሷ ግን ልክ በሕይወት እንዳለ ሁሉ በቅናት ትንገበገብ ነበር።

ከጎኗ ጣይባ ተቀምጣለች። ጣይባ ጣውንቷ ናት፤ የጀውሃዋ ትንሿ ሚስት። ዜናው ሲደርሳት በሌሊት ተነሥታ በእግሯ ሸዋ ሮቢት ገባች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። ሙሀባ እንባዋንም ቀናችበት። «ታልቅስ እንጂ! በኦቶሞቢል የተንሸራሸረች እሷ፤ ታልቅስ» አለች በልቧ።

ነገሩ ሁሉ ከዚያች ኦቶሞቢል ነው የመጣው። አሁንም በግቢው ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ለቀስተኛው ሲገባም ሲወጣም ያያታል። ቀይ ናት፣ ጣራ የላትም፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የነጂው፣ አንዱ የእንግዳው።

ቀድሞ የአንድ የመንገድ ሥራ አለቃ ጣሊያን ንብረት ነበረች። ሰውዬው ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት እያለ ከደብረ ሲና ዳገት አቧራዋን እያስነሣ ሲወርድ ከብቱም ሰዉም መንገድ ይለቅለት ነበር። የቆላው ሙቀት አልስማማው ብሎ አገር ሊለውጥ ሲነሣ ለመሸጥ አወጣት። አብዱልወሃብ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ግመሎቹን ሸጠና ገዛት።

«ግመል ሸጦ ሁለት ወንበር ገዛ!» ተባለ በገበያው ሁሉ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ኦቶሞቢሏም አላሳፈረቻቸውም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ካልገፋት አትነሣም። ውኃ ትጠጣለች፣ ደግሞም በየመንገዱ። ሮቢት ወንዝ ሲሞላ በበሬ ጎትተው አሻግረዋታል። አብዱልወሃብ ግን የሱብሒ ሰላቱን ሰግዶ ሲያበቃ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥባታል፤ ዶሮ ወንበሯ ላይ ዕንቁላል ከጣለች ዕንቁላሉን በክብር ለሙሀባ ያስረክባል። «ሦስተኛዋ ሚስት እንዴት አደረች?» ይለዋል ጎረቤቱ። እሱ ይሥቃል።

ሙሀባ በብረት አልቀናችም። ብረት አይወልድ፣ አይዳር። የጨነቃት ባዶው ወንበር ነው።

አብዱልወሃብ በሚስቶቹ መካከል ሲያካፍል ሚዛኑ አይዛነፍም ነበር። ለአንዷ ቀሚስ ከገዛ ለሌላዋም ያንኑ ጨርቅ ነው፤ ለአንዷ ቀይ ሻርፕ ካመጣ ለሌላዋም ቀይ። እዚህ የሚያድረውን ያህል ጀውሃም ያድራል። ሼህ ሷሊሕ ሁለተኛዋን ሲያገባ፣ «ሁለት ሚስት ይዞ ወደ አንዷ ያደላ የቂያማ ቀን ጎኑን እየጎተተ ይመጣል» ብለው የመከሩት ልቡ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሙሀባም ጣውንት የመጣባትን ቀን የቻለችው በዚህ ነው፦ ከእኔ የበለጠ አታገኝም በሚል።

አንድ ቀን ለምናው ነበር። «ገበያ ድረስ እንኳ አትወስደኝም? ሰው ይየኝ።»

«ቆይ፣ ጎማዋ ይለወጥ።»

ጎማዋ ተለወጠ።

«ቆይ፣ ዝናቡ ይለፍ።»

ዝናቡ ሳያልፍ ጎረቤቷ አበበች እያለከለከች መጣች። ወሬ ከያዘች መሬት አይበቃትም፣ አበበች። «ሙሀባዬ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል? ጣውንትሽን በኦቶሞቢሉ ጭኖ ሲያንሸራሽራት በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ቀዩን ሻርፕ እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብላ ተቀምጣ። ሰላም ብላት መልስ እንኳ ነፈገችኝ!»

ያን ቀን ማታ ሙሀባ ባሏን አፋጠጠችው። እሱ ጥቂት ሣቀ፣ ወዲያው ኮስተር አለ፣ «ተዪው ሙሀባ። ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው ደኅና ንግግር አልነበረም። ወጡን ታቀርባለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ንዳዱ ሲጥለው አስታመመችው፤ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች እንኳ ጥያቄዋ በጉሮሮዋ ነበር። ሳትጠይቀው ሄደ።

እና አሁን አፉ በይው ይሏታል። ካላለችው ጎኑን እየጎተተ እንደሚነሣ ታውቃለች። ነገሩ ያስፈራታል፣ ያንሰፈስፋታል። ደግሞ ወዲያው ያቺን የተከናነበች ሴት ታስባለች። «ይጎትት!» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ገዢ መጣ። ለቅሶ ቤት ዕቃ መሸጥ ነውር መሆኑን ማንም አልሳተውም፤ ግን ጣሊያኖቹ ባለቤት የሌለው ኦቶሞቢል ካገኙ ለጦሩ ይወስዱታል የሚል ወሬ ነበርና የሟቹ የንግድ ባልንጀራ አብዱሰላም ሼሁን አማክሮ ሰውዬውን አስጠራ። በላይ ይባላል፤ የደብረ ሲና በቅሎ ነጋዴ። ሲገባ በወጉ አለቀሰ፣ ደረቱን ደቃ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ቁርቁራው ሥር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ተነሣና ዞራት። የበቅሎ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አጎንብሶ ከፊት አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ መሪዋን ነቀነቀ። ሁለቱ ሚስቶች የመበለት ዒዳ ላይ ናቸውና ከግቢ አይወጡም፤ ከበራፉ ቆመው ይመለከቱት ነበር።

«ኧረ ይቺስ ተበልታለች!» አለ በላይ ድንገት ከእንግዳው ወንበር ላይ እጁን እያራገፈ። «ምን ስታስቀምጡባት ኖራችሁ? ወንበሩ በጉንዳን ተወሯል!»

«በሽቶዋ ተስቦ ይሆናላ» አለች ሙሀባ በጥርሷ መካከል።

ጣይባ ዞር አለች። «ምን አሉኝ እትዬ?»

«ምንም። የተቀመጠበት ሰው ያውቀዋል ነው ያልኩት። ንገሪው፣ ሰውዬው ይጠይቃል።»

«እኔ ምኑን አውቄው? የተቀመጡበት አንቱ!»

«እኔ?»

«ጀውሃ ሰው ሁሉ አይቶዎታል፣ እትዬ!» የጣይባ የተዘጋ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ቀዩን ሻርፕ እስከ ዓይንዎ ተከናንበው፣ አጠገቡ ተቀምጠው፣ በእኔ በር ፊት ለፊት ሲያልፉ! ቤቴ እንኳ ጎራ ሳይል! የቡና ጎረቤቶቼ ሣቁብኝ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ከነዚያ በሮች አንዱን አላስነካኝም። ልመና ሰለቸኝ። ሁልጊዜ ቆይ፣ ቆይ።»

«ቆይ ጎማዋ ይለወጥ?» አለች ሙሀባ።

«ቆይ ዝናቡ ይለፍ» አለች ጣይባ።

ተያዩ።

«ወላሂ በይ» አለች ሙሀባ።

«ወላሂ፣ ወቢላሂ! ትናንት ሼህ አፉ በሉት ሲሉ አፌ እምቢ አለኝ። ከንፈሬን አነቃነቅሁ እንጂ አላልኩትም። አላህ ያውቃል።»

ሙሀባ እሷ ብቻዋን መስሏት ነበር። ሰውዬው ከሁለት ሚስቱ የአንዷ እንኳ አፉታ ሳይኖረው መቃብር ወርዷል። ነገር ግን ኀዘኑ ገና ሳይሰማት ሌላ ነገር ቀደመ፤ ጣይባም ላይ በዚያው ቅጽበት ሲቀጣጠል አየችው።

«ታዲያ ማናት?» አሉ ሁለቱ ባንድ ድምፅ።

ከዚያ በፊት ሁለቱ ጣውንቶች ባንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አሁን ጎን ለጎን ሆነው ግቢውን አቋርጠው ሲመጡ አብዱሰላም የሚገባበት ጠፋው።

«አንተ ከእሱ የማትለይ ጥላው ነበርክ» አለችው ሙሀባ። «በዚህ ወንበር የተቀመጠችው ሴት ማናት?»

አብዱሰላም ዳሱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያልቅስ ይሣቅ አልታወቀም።

«ስኳር ነች» አለ ከኩታው ውስጥ።

«ስኳር የምትባል የማን ልጅ ናት?» አለች ጣይባ።

«ስኳር! የሚበላው ስኳር! ጆንያ!» ኩታውን ገለጠ፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። «ያለ ፈቃድ ስኳር ማዘዋወር ክልክል አይደለም? ኬላው ላይ ያሉት ባንዶች ያገኙትን ይቀማሉ። አለቃቸው ግን የእስላም ሴት እንዳትነኩ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። ስለዚህ ጆንያውን ቀጥ አድርገን እናቆምና፣ ከላይ በቅል ጭንቅላት እንሠራለን፣ ቀዩን ሻርፕ እናከናንባታለን። ባንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉታል። አንዱ እንዲያውም ‹እናቴ እንዴት ዋሉ› ብሏታል።»

«ሻርፑስ?» አለች ሙሀባ። «ሁለት ነበር የገዛው።»

«ሦስት ነው የገዛው፣ እትዬ።»

«ለምን አልነገረንም?»

«ለአንዳችሁ ቢናገር አበበች ትሰማለች። አበበች ከሰማች ኬላው ሰማ። እሱን ይሰቅሉት ነበር። ‹ይቅኑ ግድ የለም፣ ከመበለትነት ቅናት ይሻላል› ይለኝ ነበር።»

በላይ ጉንዳኑን ከእጅጌው ሲያራግፍ ቆይቶ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ የገባው ሰው ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም አንድ ነገር ልናገር፣ እሜቴ። ከመታመሙ በፊት ሊሸጥልኝ ተነጋግረን ነበር። ‹ለበቅሎ ነጋዴ አይዋሽም፤ ምን ነክቷት ነው የምትሸጣት?› ብለው፣ ‹ጤነኛ ናት፣ ጥፋቷ ወንበሯ ነው› አለኝ። ‹አንዷን ባስቀምጥ አንዷን ማቃጠል ነው። ሦስት የምታስቀምጥ ካገኘሁ ሁለቱንም ባንድ ቀን ይዣቸው እወጣለሁ› አለኝ። እኔ እናቱና እኅቱ መስለውኝ።»

ሙሀባ አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ያላለቀሰችው ለቅሶ ባንድ ጊዜ መጣ፤ ራሷን እየደበደበች፣ «በስኳር! በጆንያ ስኳር ቀንቼ! ፊቴን አዙሬበት ሞተ!» እያለች ጮኸች። ጣይባ ያዘቻት። ሴቶቹ ከቤት ሮጠው ወጡ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ያን ያህል እያለቀሰችም ልቧ በዚያች ጆንያ መቅናቱን አልተወም። ያቺ ጆንያ እንኳ አጠገቡ ተቀምጣ የይፋትን መንገድ አይታለች፤ ነፋሱን፣ የሱንም እንጉርጉሮ ሰምታለች።

ለቅሶው ሲበርድ በጎረነነ ድምፅ፣ «ሼህ ሷሊሕ ይስሙኝ» አለች። «አፉ ብዬዋለሁ። ዱንያም አኼራም አፉ ብዬዋለሁ። እሱም እኔን አፉ ይበለኝ።»

«እኔም» አለች ጣይባ።

«አላህ ይቀበላችሁ» አሉ ሼሁ፤ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ አበሱ።

በላይና አብዱሰላም እጅ ለእጅ ተመታተው ተስማሙ። ወንዶቹ ሊገፉ ከኋላዋ ተሰለፉ። በላይ የነጂውን በር ሊከፍት ሲል ሙሀባ ቀደመችው።

«ጋሼ በላይ፣ ላንድ አፍታ ይታገሡን።»

በወዲያኛው በኩል ዞራ የእንግዳውን በር ከፈተች። ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ፀሐይ አግሎታል። ጣይባ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ተራዋን የምትጠብቅ መሰለች።

«ግዴለም እትዬ፣ እኔ በነጂው በኩል ልግባ?» አለች።

«እዚያስ ማንም አይቀመጥም» አለች ሙሀባ።

እግሯን ልታስገባ አንሥታ ነበር። ከዚያ ባዶውን የነጂ ወንበር አየችው፤ መሪውን፣ ክንዱ ይደገፍበት የነበረውን የተላጠ ቆዳ። ከዚያ ጎን መቀመጥን ስንት ለምናለች። እግሯን መለሰች፣ ከበሩ ዞር አለች፣ የጣይባን ክንድ ያዘች።

«ግቢ፣ አንቺ ቅደሚ» አለቻት። «በእሱ በኩል ሁኚ።»

ጣይባ ገባች። ሙሀባ ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኗ ተጨናንቃ ተቀመጠችና ትንሿን በር ሳበች።