ታርጋው ቆሽሿል

የቢታንያ አባት መኩሪያ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ቶዮታዋ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረች። ወደ ግንቡ በተጠጉ ቁጥር ጩኸቱ ፈጠነ፤ በመጨረሻም ሳያቋርጥ ሲያንባርቅ መኩሪያ ፍሬን ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ቢታንያ።

“የቱ?”

“የሚጮኸው ነዋ አባዬ! ሴንሰር አስገጠምክ እንዴ?”

“ጊዲዮን ነው የገጠመልኝ። ኢንሹራንስ ይቀንሳል ብሎ።”

ቢታንያ ቀበቶዋን ልትፈታ የዘረጋችው እጅ ባለበት ቀረ። የምትሠራው ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ነው። አሮጌ ቶዮታ ላይ የተገጠመ ሴንሰር አንድ ፔኒ እንደማያስቀንስ ታውቃለች። ያውም አባቷ! ዕድሜውን በለንደን ሚኒካብ ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ “መኪናው እያወራለት የሚነዳ ሰው ጭነት እንጂ ሹፌር አይደለም” የሚል ሰው። ልትመልስለት ስትል መዝሙሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰማ፤ አርፍደዋል።

ጊዲዮንን ያገኘችው አምልኮው አልቆ ሰዉ ሻይ ሲጠጣ ነው። ባተርሲ ሰፈር ትንሽ ጋራዥ አለው፤ እዚህ ሃክኒ ለሚሰበሰበው ምእመን ሁሉ መኪና የሚጠግነው እሱ ነው። የመጀመሪያ ጥርጣሬዋ በእሱ ላይ ነበር።

“አባቴን ስንት ተቀበልከው?”

“ለምኑ?”

“ለዚያ ለሚጮኸው ነገር። ኢንሹራንስ ይቀንሳል ብለኸዋል አሉ።”

“እኔ? በጌታ ስም!” ጊዲዮን ሻዩን አስቀመጠ። “ራሳቸው ናቸው ግጠምልኝ ያሉኝ። እንዲያውም ቀለሙን በነፃ ነው የቀባሁላቸው።”

“የምን ቀለም?”

ጊዲዮን ሻዩን መልሶ አነሳ። “እሱን ጋሽ መኩሪያን ጠይቂያቸው። ከሳቸው ጋር አታጣይኝ።”

ቢታንያ ወደ ግቢው ወጥታ ቶዮታዋን ዞረቻት። የፊት መከላከያው ግራ ጥግ ላይ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ነጣ ይላል። በጣቷ ዳሰሰችው። ከምን ጋር ተላትሞ ነው? ከሌላ መኪና? ከሰው? አባቷ የሚኒካብ ሥራውን በድንገት የተወው ከገና ወዲህ ነው፤ ለፈቃድ እድሳት የጤና ምርመራ ሊያደርግ ጥቂት ሲቀረው። “ሰለቸኝ” ነበር ያለው። ሰለቸኝ! የሰው መኪና ኮፈን ከፍቶ ሲመለከት ለራሱ ሠርግ ያረፈደ ሰው።

ከጀርባዋ ክርክሩ ሞቋል። እሁድ እሁድ ስብከቱ ሲያልቅ ወንዶቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ሌላ ስብከት ይጀምራሉ። ዛሬ መድረኩን የያዘው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሕዝቅያስ ነው፤ በቅርቡ ከሰው እጅ የገዛት ነጭ ኤሌክትሪክ መኪና ከጎኑ ቆማለች።

“ከዜሮ እስከ ስልሳ ማይል በአራት ሰከንድ!” ይላል።

“ስልሳውን ከየት ልታመጣው?” አለ መኩሪያ። “ከተማው ሁሉ የፍጥነት ገደቡ ሃያ ነው። ሆሎዌይ ሮድ ላይ አራት ሰከንድህን ብትሞክራት ካሜራው ፎቶ ያነሳሃል። ሂሳቡን ደግሞ በፖስታ ይልኩልሃል።”

ወንዶቹ ሳቁ።

“ቅናት ነው መኩሪያ። እኔ መሪውን ብለቀው እንኳ መስመሯን አትስትም። ሰው ቢገባባት ራሷ ፍሬን ትይዛለች።”

“ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ ነው የምትገባባት? እሷው መጥታ ትጸልይልህ! የኔዋ ከዘይትና ከጎማ ሌላ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን ተጎትታ አታውቅም። ያንተዋ ባትሪዋ ሲሞት የቀብሯን ዋጋ ትጠይቅሃለች። ደግሞስ ድምፅ የላትም። ድምፅ የሌለው መኪና ሌባ ነው፤ ከየት እንደመጣብህ አታውቅም።”

የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ቢታንያ ቀና ብላ አየችው።

ከግንቡ ወዲያ አንድ መኪና አለፈ። “ጀርመን፣ ናፍጣ። ማርሚታው ተበስቷል” አለ መኩሪያ። ጊዲዮን ተንጠራርቶ አየና “ትክክል!” ብሎ ጮኸ። ሰዉ አጨበጨበ።

ይህ መኪናን በድምፁ የመለየት ጨዋታ የቆየ ነው። ቢታንያ ግን ሌላ ጨዋታም ታውቃለች። ልጅ ሳለች አባቷ ከየታርጋው ዓመቱን የሚያሳዩትን ሁለት ቁጥሮች ከሩቅ እያነበበ መኪናው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተመዘገበ ይነግራት ነበር። እሷ ቁጥሮቹን ሳትለይ እሱ ጨርሶ ወደ ባለቤቱ ጠባይ ይሻገራል፤ “ይሄ ሰውዬ ሚስቱን አያናግርም፣ ጎማውን እይው” ይላታል። ያንን ጨዋታ የተወው መቼ ነው?

“አባዬ” አለች ጠጋ ብላ፣ “ያ ቀይ መኪና የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?”

ቀዩ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ፊት ለፊታቸው ቆሟል። መኩሪያ ዞረ። ዓይኑን አጠበበ።

“ታርጋው ቆሽሿል” አለ።

ሄዳ አየችው። ታርጋው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

“በሉ ልሂድ” አለ ሕዝቅያስ ወደ መኪናው እየገባ። “መኩሪያ፣ ቅዳሜን እንዳትረሳ። የሰንበት ትምህርት ልጆቹን ብራይተን የምታደርስልን አንተ ነህ። የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ካንተ ሌላ ለማን እናምናለን!”

“ምን ነካህ፣ እረሳለሁ?” አለ መኩሪያ።

ቢታንያ ዞር አለች። ልጆቹ ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃው ላይ ይራገጣሉ፤ ሚኒባሱን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። አባቷ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ ቶዮታዋ መራመድ ጀመረ። ነጯ መኪና በስተግራው በኋላ ማርሽ መጣችበት። ቢታንያ አየቻት። ጊዲዮንም አያት። መኩሪያ እርምጃውን አልቀነሰም።

“አባዬ!”

ኮቱን ይዛ ስትጎትተው መኪናዋ ጉልበቱ ሥር ቀጥ አለች።

“አላልኩም?” አለ መኩሪያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። “ሌባ!”

ሕዝቅያስ በመስኮቱ ብቅ አለ። “አያችሁ? ራሷ ናት ፍሬን የያዘችው! እኔ እኮ ጭራሽ አላየሁህም!”

ሁለቱም አሸናፊ ሆኑ። ጊዲዮን ሳይቀር ለሁለቱም ፈረደላቸው። እንዲያ ያለ ግዙፍ ነጭ ነገር በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው እንዴት ሳያየው እንደቀረ የጠየቀ ግን የለም።

“ቁልፉን ስጠኝ” አለች ቢታንያ።

“ለምን?”

“እኔ ልንዳ።”

መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ እሱ ባለበት ነድታ አታውቅም፤ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል። ወንዶቹ ያያሉ። መኩሪያ ሳቅ አለ።

“ንጂ እስቲ። እኔም ከጎን ሆኜ ሞተሩን ላዳምጥ፤ አንድ የማልወደው ድምፅ አለ።”

ከሃክኒ ወጡ። ቀይ መብራት ላይ ቢታንያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣

“ምን ገጭተህ ነው?” አለች።

“ማን፣ እኔ?”

“አባዬ።”

“ምሰሶ። ሰው መስሎሽ ከሆነ ሰው አይደለም።”

“እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?”

“ወርጄ ነካሁት።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ እስኪያደርጉባት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከገና በፊት። ጭጋግ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል።”

“ሐኪም አይቶሃል?”

“አይቶኝስ? አትንዳ ነው የሚለኝ።”

“ቅዳሜስ?”

“መንገዱን አውቀዋለሁ።”

“እኔ ስለ መንገዱ አልጠየቅኩህም፤ ስለ ልጆቹ ነው።”

መኩሪያ መስኮቱን ከፈተ። የአላፊ መኪኖች ድምፅ ገባ። ለአንዱም ስም አልሰጠም።

“አባቴ ሚኒባሱን አላመነውም በይልኝ ለሕዝቅያስ” አለ በመጨረሻ። “ካምቢዮው ያሰጋል በይው።”

“ሚኒባሱ ጤነኛ ነው።”

“ሰው ፊት አታዋርጂኝ ቢታንያ።”

“ሰው ፊት ዝም አልኩልህ። ዛሬውኑ ለሕዝቅያስ ደውለህ እውነቱን ንገረው። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።”

ሆሎዌይ ሲደርሱ ከፎቃቸው ሥር አቆመች። ሴንሰሩ ጮኸ። መኩሪያ ወርዶ በሩ ጋ ጠበቃትና እጁን ዘረጋ። መዳፉ እሷ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ጎን ሄዷል። ቢታንያ ከቀለበቱ አንዱን ቁልፍ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አገላብጦ ደግሞ ዳሰሰው።

“ይሄ የቤቱ ነው” አለ።

“አዎ” አለች ቢታንያ፤ የመኪናዋን ቁልፍ ከራሷ ቁልፎች ጋር አሰረችው።