ዶክተር አስናቀ የሌለበት ወንበር

ባለፈው ኅዳር የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የተሰጠው ለዶክተር አስናቀ ሳይሆን፣ ዶክተር አስናቀ ለሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ድምፅ ከሰጡት መምህራን አንዱ እኔ ነኝ፤ አልዋሽም።

አስናቀ የጠጣር ቁሶች ፊዚክስ ቲዎሪ ባለሙያ ነው። ላቦራቶሪ የለውም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። የፊዚክስ ዶክተር መሆኑን የሰሙ ጎረቤቶቹ የተበላሸ ቴሌቪዥን ተሸክመው ይመጡበታል። እሱ ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያጠናው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጠጣር ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮን ቦታውን ሲለቅ የሚተወውን ክፍተት። ክፍተቱ ራሱን እንደቻለ ቅንጣት ይንቀሳቀሳል። ክፍተቱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሄድ ኤሌክትሮኑ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይሄዳል። ይህን ለማስረዳት አስናቀ ብዙ ጠመኔ ጨርሷል።

ማዕረጉን አራት ጊዜ ጠይቆ አራት ጊዜ ተከልክሏል። የምርምር ጽሑፍ አንሶት አይደለም። ስብሰባ ላይ አጀንዳ በቀረበ ቁጥር "ማስረጃው የታለ?" ይላል፤ ሰው ደግሞ የምሳ ሰዓቱ ይደርስበታል።

አንድ ማክሰኞ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ከስብሰባ ቀረ። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እልፍነሽ ጥንቁቅ ሴት ናት። "ዶ/ር አስናቀ የሌሉበት ቦታ፦ ተገኝቷል፤ ተቃውሞ የለውም" ብላ ጻፈች። ማንም አላረማትም። በሳምንቱ ባዶው ቦታ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባል ሆነ፤ በወሩ ሰብሳቢ።

አስናቀ ጥርሱን አስነቅሎ በቀጣዩ ስብሰባ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሞከረ።

"ሰው አለበት፣ ዶክተር" አለችው እልፍነሽ።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዞረ። "ይኼ እኮ እኔ የሌለሁበት ቦታ ነው። አሁን ግን መጥቻለሁ!"

"መምጣትህን አይተናል" አለው ኃላፊው። "እሱ ግን አልሄደም።"

ባዶው ቦታ በተሾመ ቁጥር የአስናቀ ቢሮ አንድ ፎቅ ይወርድ ጀመር። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አንደኛው፣ ከዚያም ምድር ቤት፣ የተሰበሩ ወንበሮች ወደሚከማቹበት ክፍል። እዚያ ላገኘው ስሄድ ፊቱ በርቶ ነበር። "ስሌቴ ልክ ነው! በሰውም ይሠራል!" አለኝ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። "ያ ባዶ ቦታ ማዕረጉን ካገኘ እኔ የምወርድበት ፎቅ የለም። የሚቀረኝ ቤቴ ነው። ወንድሜ፣ እባክህን እጅህን አታውጣለት።"

በአባቴ አጥንት ማልኩለት። በስብሰባው ቀን ግን ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር፣ ርቦኝም ነበር። እጄን አወጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ማዕረጉን ለማክበር ለምሳ አስናቀ ቤት ተጠራን። ባለቤቱ ትርንጎ ይህን ቀን አሥራ አራት ዓመት ጠብቃለች። ዶሮ ሠርታለች፤ የአስናቀን ጋቢ በራስጌው ወንበር ላይ ጥላዋለች። ጋቢው የትከሻ ቅርጽ ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር።

አስናቀ በሩ አጠገብ ቆሟል። "ትርንጎ፣ እኔ እዚህ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ፤ ግን እንግዶቹን አታስጨንቅብኝ" አለች፣ በክፋት አይደለም። "ይኼኛው ስናገር ያዳምጠኛል።"

አጨበጨብን። ጋቢው ወደ ማዕዱ ጠጋ አለ፤ አስናቀ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዶ የበሩ ደፍ ላይ ደረሰ። ትርንጎ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ወንበሩ ዘረጋች። ጉርሻው ከእጇ ላይ ጠፋ። ኃላፊው "እንኳን ደስ አለዎት፣ ፕሮፌሰር" አለ።

ቀና ስል በሩ ላይ ማንም አልነበረም። የአስናቀ ጫማዎች ብቻ፣ ክራቸው እንደታሰረ፣ አፍንጫቸውን ወደ ቤቱ አድርገው ደጅ ቆመዋል። ትርንጎ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች። ጫማዎቹ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄዱ።