የተሰረዘችው ረድፍ

የተሰረዘችው ረድፍ ተመልሳ መጣች። ኡቲ ሙከራውን እንደገና አስኬደችው፤ ያቺው ረድፍ፣ ሞታ መጠረግ የነበረባት፣ አሁንም ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላ አየቻት።

"አበስኩ ገበርኩ! ዛሬ ነው ይሄ የሚመጣው?" አለች ብቻዋን።

ቀኑ የመዝጊያው ቀን ነበር። ይህን ዓለም ሁሉ በነፃ የሚገለገልበትን ዳታቤዝ የሚሠሩት ሰዎች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ለአዲስ ሥራ በራቸውን ይዘጋሉ። ቀድሞ የገባ ሥራ ገባ፣ ያልገባ ለከርሞ። የኡቲና የሽማግሌው የቬይኮ ሥራ ደግሞ "ለከርሞ" ሲባል ነው የኖረው።

ሥራው የጽዳት ሥራ ነው። ዳታቤዝ ሰው የሰረዘውን ረድፍ ወዲያው አያጠፋውም፤ "ሞቷል" የሚል ምልክት ያደርግበትና ማጽጃ የሚባለው ፕሮግራም ሲመጣ ይጠርገዋል። በሕይወት ያሉትን አሮጌ ረድፎች ደግሞ ማጽጃው ያረጋቸዋል፤ ማለትም ዕድሜያቸው ከእንግዲህ እንዳይቆጠር ያትምባቸዋል። ማርጋቱ ከዘገየ ቆጣሪው ይሞላና ዳታቤዙ አንዲት ነገር አልቀበልም ብሎ ይገተራል። የድሮው ማጽጃ ግን ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ በበዓል ዋዜማ ቤቱን ሁሉ ልጠብ የሚል ሰው ዓይነት ነበር። በጉብዝናው ጊዜ የጻፈው ራሱ ቬይኮ ነው። "ሳልሞት አስተካክዬው ልሂድ" ብሎ፣ በመጣ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያረጋ የሚሄድ ማጽጃ ከኡቲ ጋር ጀመረ። ሥራው ሳያልቅ አእምሮው መክዳት ጀመረ።

ሥራ የሚገባበት በር ቁልፍ ያለው ብርኖ ከተማ በሚኖረው በራዲም እጅ ነው። ጠዋት እንዲህ ብሎ ጽፎላት ነበር፦ "የማርጋቱን ክፍል ከቬይኮ በቀር አጥርቶ የሚያውቀው የለም። እሱ አይቶ ይሁን ካለ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ።"

ኡቲ ኮምፒውተሯን ካፖርቷ ውስጥ ሸጉጣ ቬይኮ ወደሚኖርበት የአረጋውያን ቤት ሄደች። ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ አላገኘችውም። ቬይኮ ግን ያገኘዋል፤ ባለፈው ሰሞን እንኳ ደህና አድርጎ አጫውቷታል። እሱ ካገኘው እስከ ማታ ታስተካክለዋለች። ይህን ነበር ስትመኝ የሄደችው።

"ዛሬ ደህና ነው፤ ቁርሱንም በልቷል" አለቻት ነርሷ ማርዩት። "ብቻ እንዳታደክሚው።"

"አድካሚስ እሱ!"

ቬይኮ በሱፍ ካልሲ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በክረምቱ በረዶ ሰው እንዳያዳልጠው የተበተነውን ጠጠር ከመንገድ የሚጠርገውን መኪና ያያል።

"አሁን ገና መጣ!" አለ ወደ መኪናው እያመለከተ። "በረዶው ከሟሟ ስንት ጊዜው!"

"ያንተ ማጽጃ ነዋ።"

"ማጽጃዬን አትንኪብኝ አንቺ!" ብሎ ሳቀ። ኡቲ ልቧ ሞላ።

"ቬይኮ፣ የሞተ ረድፍ እየተነሣብኝ ነው።"

"የሞተ መነሣት ለፋሲካ ነው የሚያምረው። በይ አምጪው፣ አምጪው።"

ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አደረገችለት። ቬይኮ የሰው ኮድ ሲያነብ ጣቱን በየመስመሩ ላይ እያስኬደ ነው። አንዲት የማይረባ ስያሜ አልወደድኩም ብሎ ሥራዋን ደጋግሞ መልሶባት፣ በሱ ብስጭት መጸዳጃ ቤት ገብታ ያለቀሰችበት ቀን አለ። አሁንም ጣቱ ጉዞውን ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ የትም ሳይቆም ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ብርድ ልብሱ ላይ ደረሰ።

"ግሩም ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ሁሉም። አስገቢው።"

"እስቲ ይሄ ጋ እየው። ረድፉን እየሰረዘ ያለ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ማጽጃው ቢደርስበትስ? ስናረጋው የስረዛውን ምልክት አብረን አናጠፋውም?"

ጠይቃ ሳታበቃ መልሱን አገኘችው። አዎ፣ ያጠፉታል። ስህተቱ አንድ መስመር አልነበረም፤ መሠረቱ ነው የተንጋደደው፤ በአንድ ቀን የሚቀና ነገር አይደለም። እንዲህ ሆኖ ቢገባ ሐኪም የሰረዘው መድኃኒት አንድ ቀን የበሽተኛው መዝገብ ላይ ተመልሶ ይገኛል።

"አስገቢው ልጄ" አለ ቬይኮ። "ግሩም ነው።"

ለማንም "ግሩም" ብሎ አያውቅም። "ልጄ"ም ብሏት አያውቅም። ስህተቱንስ አገኘችው፤ ቬይኮን ግን ከዚህ ወዲያ ከየት ታገኘዋለች?

ስልኳ ነዘረ፦ "ምን አለ? ልዘጋ ነው።"

"ማነው?" አለ ሽማግሌው።

"ራዲም ነው።"

"ራዲም ማነው?"

ቬይኮ ራሱ ሥራውን ፊደል እንደ ማስቆጠር ከሥሩ ያስተማረው ልጅ ነው። "ይሁን" የሚለው ቃል በኡቲ እጅ ነበር፤ ከራሱ ከቬይኮ አፍ የወጣ፣ ማንም የማይጠራጠረው። ብትልከው ዛሬ ማታ ስሙ ከሥራው ጋር ይሰፍርለት ነበር። ይህን እንዴት እንደፈለገችው! ለከርሞ ቢባል እሱ የለም፤ ቢኖርም የለም።

"ገባ?" አለ ቬይኮ እጁን ክንዷ ላይ አድርጎ። ዓይኑ ጠጠር ጠራጊውን መኪና ይከተላል።

ኡቲ እንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠርጋ ጻፈች።

"ቬይኮ አይቶታል። የሞተ ረድፍ ያስነሣል ብሎ አላሳለፈውም። ሥራውን ከዘንድሮው አውጥቼዋለሁ።"

ራዲም ወዲያው መለሰ፦ "ያው ቬይኮ ነዋ! እሱ መች ያሳልፍና። ሰላም በይልኝ።"