ፒላቴስ በሁዳዴ

አለምዘውድ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ እንዳሳረፈች መነሣት አቃታት። ባሏ ልደቱ የሩጫ ጫማውን አጥልቆ ሊወጣ ሲል፣ ሚስቱ ተደፍታ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ስትል ሰማና ጸሎት ላይ ናት ብሎ ኮቴውን አጥፍቶ አለፋት።

«ልደቱ! ወዴት ነው? አንሣኝ እንጂ፣ ወገቤ ተያዘ!»

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነበር። አለምዘውድ ካምፓላ መሀል ከተማ በሚገኝ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጣ ትኬት ቆርጣለች። ሐኪሙ የተሰበረ ነገር እንደሌለ፣ የሆድና የጀርባዋ ጡንቻ ግን እንደሰነፈ ነገራት። የነፍስ አባቷም «አይዞሽ ልጄ፣ ለስቅለት ወንበር ላይ ሆነሽ በሐሳብሽ ስገጂ» ብለው አጽናኗት። እሷ ግን ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከስቅለት ስግደት ቀርታ አታውቅም። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲሰግድ ተቀምጦ ማየት ለእሷ ከሕመሙ ይልቅ የሚያም ነገር ነው።

«ስድስት ሳምንት አለኝ» አለችው ልደቱን። «ሐኪሙ ፒላቴስ ጀምሪ ብሎኛል።»

«ጲላጦስ? ያውም በሁዳዴ? ጌታን ማን አሳልፎ እንደሰጠው ረሳሽው?»

«እጁን የታጠበው ጲላጦስ ነው። የእኔ ፒላቴስ ነው፣ የሆድና የጀርባ ማጠንከሪያ ስፖርት። አንተ ጆሮህን ታጠብ!»

አስተማሪዋ ረምዚያ ድሬዳዋ ተወልዳ ካምፓላ የተማረች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ማለዳ ኮሎሎ ሰፈር በሚገኝ አንድ ግቢ ውስጥ ታሠራለች። በመጀመሪያው ቀን ልደቱ ሚስቱን በመኪና አድርሶ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት በር ላይ ቆመ። ረምዚያ አዲስ የመጡትን ሴቶች ምን ፈልገው እንደመጡ በተራ ጠየቀች። አንዷ ቦርጭ ለማጥፋት አለች። ሌላዋ ለሠርጓ ቀሚስ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«ስቅለት ላይ ለመስገድ» አለች አለምዘውድ።

ልደቱ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ረምዚያ ግን አልሳቀችም።

«የእኔም ግንባር በቀን አምስት ጊዜ መሬት ይነካል» አለች። «እስኪ የእናንተን ያሳዩኝ።»

አለምዘውድ በግማሽ አሳየቻት።

«ገባኝ። እንደ ጆንያ ይወድቃሉ፤ ከዚያ በወገብዎ ብቻ ጎትተው ይነሣሉ። ሆድዎን ወደ ውስጥ ይሰብስቡ። የጀርባዎን አጥንት አንድ በአንድ እያጠፉ ቀስ ብለው ይውረዱ። ሲነሡ ትንፋሽዎን ያውጡ። በሉ፣ ከመተንፈስ እንጀምር።»

ልደቱ ሳቁን መኪናው ውስጥ ለቀቀው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቶ መተንፈስ ስፖርት ነው? እሱ ሃያ ዓመት ሯጭ ነው። በየማለዳው ከጓደኛው ከመንግሥቱ ጋር ከካባላጋላ ተነሥተው የታንክ ሂልን ዳገት እያለከለኩ ይወጣሉ፤ ላብ ያላንጠባጠበ ሰው ስፖርት ሠራሁ ሲለው አይዋጥለትም።

አለምዘውድ ግን ቀኖቿን እንደ ትኬት ቆረጠቻቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ኮሎሎ፣ ሰኞና ቅዳሜ የእግር ጉዞ፣ በቀሩት ቀኖች ከሥራ መልስ ሩብ ሰዓት ሳሎን ውስጥ። ረምዚያ የሰጠቻትን የእንቅስቃሴ ቪሲዲ ስትከፍት፣ በዚያ ዓመት የካምፓላ መብራት አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋ ስለነበር፣ ቴሌቪዥኑ መሀል ላይ ድርግም ይላል። እሷ እቴ! ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየቆጠረች ትቀጥላለች። ጾሙ ሲከብዳት ቁጥሩን ቀነሰች እንጂ ቀኑን አልዘለለችም። ልደቱ ሶፋው ላይ ሆኖ ያንን ቆጠራ እየሰማ በልቡ ያደንቃት ነበር፤ ኩራቱ ይዞት ግን አልነገራትም።

ስቅለት ደረሰ። የካምፓላ ምእመናን ለጸሎት የተከራዩት አዳራሽ ነጠላ በለበሰ ሰው ሞላ። ቄሱ መቶ ስግደት አዘዙ።

ሯጩ ልደቱ ሃያውን በፍጥነት ጨረሰ። አርባው ላይ ባቱ ተወጠረ። ስድሳው ላይ ጉልበቱን ይዞ ቆመና ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሴቶቹ አየ። ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ጀርባዋ በተራ በተራ ይታጠፋሉ። ግንባሯ መሬት ይነካል። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሳ ትነሣለች። ሌላው ሰው አምስት ሲሰግድ እሷ አራት ነው። ሰዉ ሁሉ ጨርሶ ላቡን ሲጠርግ እሷ ገና ሰማንያዎቹ ውስጥ ነበረች፤ ሰው ያየኛል ብላም አልቸኮለች። መቶኛዋን ሰግዳ ማንም ሳያነሣት ቀጥ ብላ ስትቆም፣ ልደቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አጠገቡ ላለው ለማያውቀው ሰው «ሚስቴ ናት» አለው።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ማለዳ፣ አለምዘውድ ለኮሎሎ ስትዘጋጅ ልደቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ባቱን ያሽ ነበር። ከስቅለት ወዲህ ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ነው።

«ደግሞ ወዴት ነው? እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም እኮ!»

«ስግደት የለም» አለች ጸጉሯን እያሰረች። «ወገብ ግን አለ።»

በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። መንግሥቱ ነው።

«ኧረ የት ቀረህ? ዛሬ እኮ ከሩጫው በኋላ ሮሌክስ አለ! ሁለት ወር ሙሉ ስንመኘው የከረምነው እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ እየጠበቀህ ነው!»

አሞኛል ማለት ይችል ነበር። ደግሞም አሞታል። ልደቱ ሚስቱን ቀና ብሎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስማ መንግሥቱ፣ ከእንግዲህ ማክሰኞና ሐሙስ አልሮጥም።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ከሚስቴ ጋር ወለል ላይ ተኝቼ መተንፈስ ልማር ነው። ስቀህ ስትጨርስ፣ ረቡዕ እንገናኛለን» አለና ስልኩን ዘጋ።