ሳይሰደቡ መቅረት

ባሌ ዘርአ ዳዊት ቃል ሲያገኝ እንደ ልጅ ነው፤ አፉ ውስጥ ሳይከተው አያድርም። ቲማቲም ተወደደ ስለው፣ «እሱስ ተወደደ፣ የሚወደኝ ያጣሁት እኔ ነኝ» ይለኛል። ጎረቤት መብራት ጠፋ ብሎ ሲጮህ፣ «ፖሊስ ጣቢያ አመለከታችሁ?» ይላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ጥገና ሱቅ አለው፤ ሰው የሚያውቀው ግን በጥገናው አይደለም። ቲክቶክ ላይ እየወጣ ሰምና ወርቅ ሲደረድር ሰዉ ይሞትለታል። ልጅ ሆኖ አንኮበር ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ከጉባኤ ቃና ሳያልፍ ወጣ። ቅኔውን ጥሎ አመሉን ይዞ መጣ እንግዲህ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ያገባሁት በዚሁ አፉ ነው።

እንዲህ ያለ አፍ ሰርግ ቤት ሲገባ አስቡት። እኛ ዘንድ የሙሽሪት ወገን የሙሽራውን ወገን በዘፈን ይሰድባል። አፍንጫው፣ ሆዱ፣ ስስቱ፣ አጨፋፈሩ፣ አንድም አይቀር። አውጪው ስንኙን ይጥላል፣ የቀረነው እያጨበጨብን እንቀበላለን፤ ተሰዳቢው ደግሞ በዚያው ዜማ ይመልሳል። መቀየም የለም። የተቀየመ ሰው «ሰርግ አያውቅም» ተብሎ ይታማል።

እሁድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ የታናሽ እህቴ የፋና ሰርግ ነበር። እናት አባታችን ስለሞቱ የዳርናት እኔና ዘርአ ዳዊት ነን። ባሏ ኤፍሬም ይባላል፤ ፋብሪካ አብረው ሲሠሩ ነው የተዋወቁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ከአፉ ክፉ አይወጣም። ቤተሰቡ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው፤ እናቱ እትዬ አማረች እስካሁን ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። አባቱ የሉም።

ከሰርጉ በፊት እትዬ አማረች ድግሱን ላግዝ ብለው እኔ ቤት ዋሉ። «የሙሽራ እናት ነዎት፣ ይቀመጡ» ብንላቸው «እጄ ሥራ ሲፈታ ያመኛል» አሉና ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እየላጥን፣ ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ከቤታቸው የወጡበትን ቀን አነሱ።

«ባለቤቴ ተፈራ ጫጫታ ሰምቶ ቀድሞኝ ወጣ፤ ባዶ እግሩን ነበር። እኔ ልጁን ቀስቅሼ፣ በር ላይ እግሬ ያገኘውን ተጫምቼ ሮጥኩ። ሲነጋ ባየው፣ አንዱ የኔው ኮንጎ ጫማ ነው፣ አንዱ የሱ ትልቁ ቡትስ! አንዱ እግሬ ሲቀድም አንዱ እየተጎተተ… አቤት አካሄዴን ብታዪ!» ብለው ሳቁ። ራሳቸው ናቸው የሳቁት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሌላ ሽንኩርት አነሱና «ተፈራን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሞቱንም ሰው ነው የነገረን» አሉ። በሽንኩርቱ አሳብበን ሁለታችንም አለቀስን።

እሳቸው ሲሄዱ ለዘርአ ዳዊት ነገርኩት። ለባሌ ያልነገርኩ ለማን ልንገር? እሱም አዘነ፤ ከንፈሩን መጠጠ። ትንሽ ቆይቶ ግን «አንደኛው የወንድ ጫማ ነው ያልሽኝ?» አለ። ወይኔ! ያኔ ነበር አንገቱን ማነቅ! የዚህን ሰውዬ አጠያየቅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ እኮ። ግን የድግስ ዋዜማ ነው፣ እሳት ላይ የተጣደ ወጥ አለ፣ ትቼው ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሁድ ድንኳኑ ሞላ፣ ከበሮው ሞቀ፣ የስድቡ ጊዜ ደረሰ። ዘርአ ዳዊት ሚዜዎቹን አንድ በአንድ ላጣቸው። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ ስልኩን አውጥቶ የማይቀርጽ አልነበረም። ሰውዬው ይህን ጊዜ ሞቀው። ወደ እትዬ አማረች ዞረና፣

የሙሽራው እናት ጫማቸው ለየቅል፣
ባለቤቱን ትተው ጫማውን ማንጠልጠል!

አለ።

እውነቱን ልናገር? ግጥሙ አማረ። ቤት መታ፤ «ባለቤት» የምትለዋን ቃል ሁሉም በየፊናው ፈታትና «ኧረ ግደለን!» እያለ ጮኸ። ሴቶቹ ተቀበሉ። እኔም ተቀበልኩ። አፈር ያስበላኝ፣ ወገቤን ይዤ፣ እያጨበጨብኩ ተቀበልኩ! አፌ የሚለውን ጆሮዬ የሰማው ከስንት ዙር በኋላ ነው።

ቀና ስል እትዬ አማረች ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ቀርቷል፣ እሳቸው ግን እዚያ የሉም። ከመጠለያው አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ማጨብጨቡን ትተዋል። በወጉ ከእነሱ ወገን መልስ ይጠበቅ ነበር፤ ማንም አልመለሰም። ኤፍሬም ሙሽራ ወንበሩ ላይ ሆኖ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አማረች ጥቂት ቆዩና ነጠላቸውን አጣፍተው «ራሴን አመመኝ» ብለው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እንግዳው ሲበተን ባሌን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት።

«አንተ ሰው፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸው?»

«የሰርግ ስድብ ነው እኮ ሰርኬ። መቀየም አለ እንዴ?»

«የሞተ ሰው ጫማ ነው!»

«እኔ ስለ ጫማው እንጂ…» አለና ቀጥ አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ግጥሙ ነው ያማረብኝ» አለ።

እስቲ ይታያችሁ! ግጥሙ አማረበት! ጎረቤታችን እማማ ደመቀች ሰሃን እየሰበሰቡ ሰምተው ኖሮ፣ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ብለው አለፉ። እኔ ስሰድበው አመሸሁ። የምሰድበው ግን ግማሹን ለራሴ ነበር፤ ወሬውን ከሽንኩርቱ ላይ አንስቶ ለሱ አፍ ያቀበለው ማን ሆነና!

ሰኞ ፋና ደወለች። ሙሽራ ሆና ድምፅዋ ዘግቷል። «ኤፍሬም እናቴ ካልገባችበት ቤት አልገባም ብሏል። ረቡዕ መልሱ ላይ ሳንመጣ ብንቀር ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ከሳቸው ጋር በምን ዓይኔ ልተያይ? ትዳሬን ሳልገባበት በግጥም አፈረሳችሁት» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ያሳደግኋት ልጅ ናት። ቁጭ ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

ወዲያው ባሌን ከሱቁ ጎትቼ በባጃጅ ወደ መጠለያው ሄድን። መንገድ ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው የምታጉተመትመው?»

«የይቅርታ ስንኝ ቢጤ…»

«አንዲት ስንኝ ከአፍህ ትውጣና ከዚህ ባጃጅ ወርውሬህ ነው የምሄደው!»

ሾፌሩ ሳቁን ዋጠ። ዘርአ ዳዊት እስክንደርስ ትንፍሽ አላለም።

እትዬ አማረች ከመጠለያቸው ደጃፍ ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር። እግራቸው ላይ ልንወድቅ ስንል በአረፋ እጃቸው ትከሻችንን ይዘው አነሱን። «ኧረ በጊዮርጊስ! ሰርግ አይደል እንዴ? ቀልድ ነው። በሉ ተነሱ ልጆቼ፤ ረቡዕ እመጣለሁ» አሉ። አለቀ። ይቅርታው እንዲህ ቶሎ መምጣቱ ከቁጣ በላይ አሳፈረኝ። ቢሰድቡን፣ ቢያባርሩን፣ ውሃውን ቢደፉብን ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም ለፋና ደውዬ «ይመጣሉ» አልኳት፤ እሷም እፎይ አለች።

ረቡዕ እንግዳ ሳይገባ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቤ አስጠነቀቅሁ። «እትዬ አማረችን በአንዲት ስንኝ የነካ ሰው ከኔ ጋር ተቆራረጠ! ሌላውን እንደፈለጋችሁ፣ እሳቸውን ግን እንዳትነኩ!» አልኩ። ዘርአ ዳዊትን ደግሞ ከበሮው አጠገብ ድርሽ እንዳይል ጠላ ቀጂ አደረግሁት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ!

እትዬ አማረች መጡ። የታጠበ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ከልጃቸውና ከፋና አጠገብ ተቀመጡ። የክብር ቦታ ነው። ሥጋው ከሁሉ በፊት ለሳቸው ቀረበ፤ ጠላው ጎደል ሲል ዘርአ ዳዊት እየሮጠ ይሞላል። ያለፈ ሁሉ እሳቸው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ደስ አለኝ። ነገሩ የተስተካከለ መሰለኝ።

ስድቡ ተጀመረ፤ አውጪዋ እማማ ደመቀች ናቸው። ሚዜው በሆዱ ተሰደበ። የኤፍሬም አጎት በስስቱ ተሰደቡ። ከመጠለያው የመጣች ጎረቤታቸው በአጨፋፈሯ ተሰደበችና በሳቅ ፈንድታ በዚያው ዜማ መለሰች፤ የእማማ ደመቀችን ጥርስ አንስታ ድራሹን አጠፋችው። ቤቱ ደመቀ። ተራው እየዞረ እትዬ አማረች ጋ ደረሰ። አየኋቸው፤ ትከሻቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ለጭብጨባ ዘረጉ። እማማ ደመቀች ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ዘለሏቸውና ቀጥላ ያለችውን ልጅ በጸጉሯ ሰደቧት። ሰዉ ተቀበለ። እንደገና ተራው ዞሮ መጣ፤ እንደገና ተዘለሉ። የዘረጉት እጅ ቀስ ብሎ ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

ከዚያ ተነሱ። ከበሮው ቆመ።

«ሰርካለም» አሉኝ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«እኔን አትንኩ ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

ፋና ታየኛለች፣ ኤፍሬም ያየኛል፣ ቤቱ ሁሉ ያየኛል።

«እሁድ ለት አሞኛል፤ አልዋሽሽም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ተፈራን ትቼው እንደመጣሁ አድርጋችሁ ስለዘፈናችሁ ነው እንጂ ስለተሰደብኩ አይደለም። መሰደብማ! የሙሽራ እናት አይደለሁም እንዴ? ቀዬዬ ሳለሁ በየሰርጉ ስሰድብም ስሰደብም ነው የኖርኩት። እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን ያየን ሁሉ ከንፈር ይመጥልናል፤ የሚሳለቅብን እንኳ የለም። እሁድ ለት፣ ቢያመኝም፣ ዘመድ ነበርኩ። ዛሬ ነው ተፈናቃይ ያደረጋችሁኝ።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ዘርአ ዳዊት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

እትዬ አማረች ተመልሰው ተቀመጡና ፈገግ አሉ፤ የምር ፈገግታ። «በሉ እንጂ!» አሉ። «እኔም እኮ መልስ አላጣም!» እጃቸውን ዘረጉ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዳሪዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይነሳ? ተነሣሁ። ከበሮው ቀስ ብሎ ጀመረልኝ።

«የሙሽራው እናት…» አልኩ። ሴቶቹ ተቀበሉ።

«የሙሽራው እናት…» ደገምኩ። ተቀበሉ።

ሰው ለመስደብ ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። እማማ ደመቀችን ስደቢ ብትሉኝ ስለ ኩርፊያቸው፣ ስለ ሽሯቸው፣ ስለ ጥርሳቸው እስኪመሽ አወርዳለሁ። እትዬ አማረችን ግን በምን ልስደባቸው? ይቆጣሉ? ይሰስታሉ? ሲጨፍሩ የሰው እግር ይረግጣሉ? ጎረቤት ያስቸግራሉ? ምን ያስቃቸዋል? እህቴን ለልጃቸው ድሬ፣ ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ሽንኩርት ልጬ፣ አንዲት ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም። አእምሮዬን ባገላብጥ፣ ባገላብጥ፣ ስለሳቸው የማውቀው ያንን ጫማ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«የሙሽራው እናት…» አልኩ እንደገና። አሁን የተቀበለኝ የለም። ከበሮውም ዝም አለ። እትዬ አማረች እጃቸውን ለጭብጨባ እንደዘረጉ ይጠብቁኛል፤ እኔ አፌን ከፍቼ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የምሰድባቸው ነገር አጥቼ ቆሜ ቀረሁ።