የፍራንክፈርት ማደሪያ

ሔቨን አንድ ትልቅ ቦርሳ ጎትታ ሳሎን መሀል ስትዘረጋው አባቷ እንዳሻው ገና ከሥራ መግባቱ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ዴንቨር ውስጥ በታክሲው ከኦሮራ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሌክውድ ሰው ሲያመላልስ አርፍዶ ወገቡ ተቆራርጧል። ቦርሳውን ቆሞ አየው። አንድ ጎረምሳ ታጥፎ የሚገባበት ቦርሳ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ባክፓክ ነው ዳዲ። ለሰመር። ዩሮፕ ልሄድ ነው።»

«ከዩኒቨርሲቲው ጋር?»

«ኖ፣ ብቻዬን። ሰባ ቀን።»

እንዳሻው ሶፋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ። ልጅቱ ግን ምን ገዷት፤ ስልኳን አውጥታ ማብራራት ያዘች። ካፌ እየሠራች ያጠራቀመችው ብር አለ። እሱን በቀን አርባ ዶላር ባጀት አድርጋዋለች። ምሳ ከሱቅ የተገዛ ዳቦና አይብ። ከአገር አገር በሌሊት ባቡር፣ ባቡር ላይ ያደረ ሰው የአልጋ አይከፍልምና። ባቡር በሌለ ቀን ሆስቴል።

«ሆስቴል ምንድነው?»

«አንድ ሩም ውስጥ ስምንት አልጋ አለ። ሼር ታደርጋለህ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰዎች ጋር። ከመጣው ጋር።»

«ወንድም ሴትም?»

«ሚክስዱ ነው ርካሹ፣ ዳዲ።»

እንዳሻው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጨርቁን በጀርባው አዝሎ፣ ደረቅ ዳቦ እያኘከ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን እየተጋደመ ሱዳን የገባ ሰው ነው። ያንን የረገመውን ኑሮ ልጁ ልትገዛው ነው፤ ያውም ቆጥባ!

«ጌጥነሽ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ ጉድሽን ስሚ! እኛ ተባረን የተሰደድነውን ልጅሽ ከፍላ ልትሰደደው ነው!»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ፊቷ ላይ የድንጋጤ ምልክት የለም። የእንዳሻው ድንጋጤ ያኔ እጥፍ ሆነ።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ደብሩ ሁሉ ያውቃል። ላንተ ደፍሮ የሚነግር ጠፍቶ ነው እንጂ።»

«ደግሞ ሆስቴሉን አትፍራው» አለች ሔቨን። «በሰመር ዋጋው ደብል ያደርጋል። ሰባውን ቀን እዚያ ላድር ብል ብሩ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ካንስል ላደርገው ነበር። ከዚያ መላ አገኘሁ።»

መላው እንዲህ ነው። አበሻ ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ከሰማ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይመጣል፤ «እግረ መንገድሽን» ይላል። ሌላው ሰው አፍሮ ይሸከማል። ሔቨን ግን ለመጣው ሁሉ አንድ ጥያቄ አላት፦ እቃውን የሚቀበለው ሰው ቤቱ ስንት ቀን ያሳድረኛል? ለሮም አንድ ጥንድ የቅናሽ ሱቅ ጫማ አራት አዳር። ለስቶክሆልም አንድ ከረጢት ቫይታሚን ስድስት አዳር፣ ከነቁርሱ።

እንዳሻው ይህቺ ልጅ ከማን ነው የወጣችው ብሎ አፉን ያዘ። በእሱ ዘር እንዲህ ያለ ድፍረት የለም። ቢኖርማ የት በደረሰ።

«ትልቁ ፍራንክፈርት ነው» ቀጠለች። «እዚያ ሆኜ በባቡር እየተመላለስኩ ጀርመንን በሙሉ አያለሁ። እሱ ከሌለ ትሪፑ የለም።»

«የማን ቤት ነው?»

ጌጥነሽ ድንገት የጣደችው ትዝ ብሏት ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«የጋሽ ሀይለማርያም እህት ቤት።»

ሀይለማርያም የእንዳሻው የሰፈር ልጅ ነው። እንዳሻው ዴንቨርን የረገጠ ጊዜ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር እሱ ጋር ነበር ያረፈው። ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣውን ኮሪደር ላይ ቆሞ አገኘው። «እንግዶች ይመጡብኛል፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንተ የትም ትሆናለህ» ነበር ያለው። የትም የተባለው ቦታ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ሆነ፤ እንዳሻው የኢስት ኮልፋክስን ጎዳና ከጫፍ ጫፍ ሲመላለስ ነጋ። ሃያ ዓመት አልፎታል። ሠርግና ለቅሶ ላይ ሲገናኙ እንዳሻው በአንገቱ ብቻ ነው ሰላም የሚለው። አንድ ቀን ደጄ ላይ ፈልጎኝ ይመጣል ሲል ኖሯል።

«እቃውን መቼ ነው የሚያመጣው?»

«አሁን። ውጪ ፓርክ እያደረገ ነው።»

ደወሉ ጮኸ። ሀይለማርያም ካርቶን ታቅፎ እየሳቀ ገባ።

«አንተ እንዳሻው! ልጅህ እኮ ነጋዴ ናት! እህቴን መኝታ ቤት አስለቀቀቻት!»

«የተማሩ እንግዶች ቢመጡስ?» አለ እንዳሻው ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ቦርሳዋን ኮሪደር ላይ ታገኘዋለች?»

«የምን ኮሪደር?»

«የካፒቶል ሂሉ። ሻንጣዬን ያወጣህበት።»

ሀይለማርያም ግንባሩን ቋጠረ። ከትዝታው ፈለገ፤ ከልቡ ነው የፈለገው፣ ያስታውቃል። «እኔ ጋ አርፈህ ነበር እንዴ? ስንት ልጅ ነው ያሳረፍኩት! እውነት አንተም ነበርክበት?»

የወጋ ይረሳል ሲባል እንዳሻው ለወጉ የሚባል ይመስለው ነበር። «አላደረግኩም» ቢለው የሚመልስለት አለው። «ይቅር በለኝ» ቢለውም አለው፤ መሪ ይዞ ስንት ዓመት ሲያዘጋጀው ኖሯል። ሰውየው ግን ጭራሽ ረስቶታል። ያንን ሁሉ ዘመን ብቻውን ነበር የተጣላው።

«ዌይት» አለች ሔቨን። «አስወጡህ? የት አደርክ?»

«አውቶቡስ ላይ» አለ አባቷ፣ ወለሉን እያየ።

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። ካርቶኑን በመዳፏ ወደ ሰውየው ደረት ገፋችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልወስድም። ፍራንክፈርትን ካንስል አድርጌዋለሁ።»

ሀይለማርያም ካርቶኑን እንደታቀፈ ቀረ። ጆሮው ቀላ። እንዳሻው ሃያ ዓመት ያለመው ይሄው ነው፤ በገዛ ደጁ፣ በሰው ፊት። ቀምሶ አየው። ጣዕም የለውም። ልጁ ባዶውን ቦርሳ ቁልቁል እያየች ከንፈሯን ነክሳለች።

«አስቀምጠው» አለው እንዳሻው።

«ዳዲ፣ ኖ—»

«አስቀምጠው አልኩህ። ትወስድልሃለች። ግን እህትህ ጋ አሁኑኑ፣ እዚሁ ደውል። ሁላችንም እንስማው።»

ሀይለማርያም እየተደናበረ ደወለ። የእህቱ የፋና ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። «ኧረ ልጄ ትምጣልኝ! ቤቱ ቤቷ ነው! ስንት ቀን ነበር የምትቆየው ያላችሁኝ?»

ሔቨን አፏን ከፈተች። «ሁለት ሳም—»

«አንድ ወር» አለ እንዳሻው።

ፋና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስትቀንስ በስልኩ ተሰማ።

«ይሁን» አለች ፋና በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። «እንግዳ የእግዜር ነው።»

ሔቨን ስልኳ ላይ ተደፍታ ትቀንሳለች፣ ትደምራለች። «ዳዲ» አለች ሹክ ብላ፣ «እንደዚህ ከሆነ እኮ ስፔይንም ይገባል።»

«ጨምሪያት» አለ እንዳሻው፣ ዓይኑን ከሀይለማርያም ላይ ሳያነሳ።