ካርዱ ላይ አራት ይላል

ሐኪሙ ካርዱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ «ብዙም አያሳስብም» አለ። «ለአራት ዓመት ልጅ ቁመቷ ደህና ነው። ጉልበቷ ገጠም ማለቱም፣ ቶሎ ቶሎ መውደቋም በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። ቫይታሚን አዝዝላታለሁ።»

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ሰውን በዓይኗ ለክታ ጨርቅ የምትቆርጥ ሴት፣ ልጇ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ጣት እንኳ እንዳልጨመረች ሊጠፋት ነው? እንቡጥ ስድስት ዓመት ከሞላት ወር ሆኗታል። ዘንድሮ ሰፈር ሲቀይሩ ነው ጉዱ የመጣው፤ «ይቺ ልጅ ድንክ ናት እንዴ?» የሚለው ሐሜት ቢያንገፈግፋት፣ ለጎረቤቱም ለትምህርት ቤቱም አራት ዓመቷ ነው አለች። የሕክምና ካርዱም ላይ ያንኑ አስጻፈች። ሐኪም ከሆነ ራሱ ይድረስበት ብላ!

«አራት ነሽ አይደል፣ የኔ ቆንጆ?»

እንቡጥ እናቷን ሰረቅ አድርጋ አየችና አራት ጣት አወጣች።

ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ። እናትየውን ወንበሩ ቆረቆራት። ብትናገር ውሸታም እናት ልትባል ነው። ዝም ብትል ደግሞ፣ ማንኪያ እንኳ ከእጇ መውደቅ የጀመረባት ልጅ ቫይታሚን ይዛ ልትመለስ! ብዕሩ ወደ ፊርማው ሲወርድ አላስቻላትም።

«ስድስት ናት! ዶክተር፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት። እጇም እየከዳት ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የልጅቷን እጅ ከአንጓው ላይ አጠፍ ቢያደርገው እንደ ጨርቅ ታጠፈለት። ፊቱ ተለወጠ። ነርሷን ጠርቶ «አንገቷን ሳታንቀሳቅሱ ራጅ ትነሳ፤ አሁኑኑ!» አለ።

ራጁ እስኪመጣ እናትየው ቁጭ ብድግ ስትል ቆየች።

«የላይኞቹ የአንገት አጥንቶቿ እየተንሸራተቱ ኅብለ ሰረሰሯን ተጭነውታል» አላት ሐኪሙ ራጁን እያሳያት። «አንዴ ክፉኛ ብትወድቅ ኖሮ…» አልጨረሰውም። «በደም ምርመራ እናረጋግጣለን እንጂ፣ ከእናትም ከአባትም አንድ ላይ የሚወረስ፣ እምብዛም የማይገኝ ቁመት የሚያስቀር ሕመም ይመስለኛል። ቁመቷ ከዚህ ብዙም አይጨምርም። አንገቷን ግን በቀዶ ሕክምና እናጠናክረዋለን፤ ከዚያም በየስድስት ወሩ እናያታለን። እስከዚያው ማንም እንዳይገፋት። ጎረቤቱም፣ አስተማሪዋም፣ አብሯት የሚጫወተው ሁሉ ይወቅ።»

ሁሉ ይወቅ! እሷ ስትሸሸው የኖረችውን!

ኮሪደሩ ላይ፣ አንገቷ በድጋፍ የታሰረውን ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። ከማን እንደምትጀምር ግራ ገባት።

«እማዬ፣ ለአስተማሪዬ አንቺ ንገሪያት» አለች እንቡጥ። «እኔ አንድ ቀን ስድስት ነኝ ብያት፣ ውሸታም ብላ ጥግ አቁማኛለች።»